ምስክሩ የጠቀሰው ሰው ካልተከሰሰስ?

[ምስል፦ ልደታ፣ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደጃፍ፣ ጠዋት]

አንድ የግድያ ሙከራ ጉዳይ ልደታ ችሎት ቀርቧል እንበል። ሁለት ተከሳሾች ቆመዋል። የዐቃቤ ሕግ ምስክር ምሎ፣ «የመቱት እነዚህ ናቸው፤ ዱላውን አቀብሎ በለው ያለው ግን ሌላ ሰው ነው» ይላል። ስሙንም ይጠራል። ሰውዬው ክሱ ላይ የለም፤ ምናልባትም እዚያው አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ እየሰማ ነው። ዳኛው ምን ማድረግ ይችላሉ?

የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ክስ የመመሥረቱን ሥራ በዋናነት ለዐቃቤ ሕግ ሰጥቷል። ክሱ መሠረታዊ ስሕተት ካለበት ዳኛው በራሳቸው አነሣሽነት እንዲሻሻል ሊያዙ ይችላሉ (አንቀጽ 119)። ለፍትሕ ያስፈልጋል ያሉትን ምስክርም ይጠራሉ (አንቀጽ 143)። ያልተከሰሰን ሰው ግን ከተቀመጠበት አስነሥተው ሦስተኛ ተከሳሽ የሚያደርጉበት አንቀጽ የለም።

[ምስል፦ የህንድ ካርታ፤ «319» የሚል ቁጥር]

ህንድ ውስጥ ግን አለ። እ.ኤ.አ. የ1973ቱ የሥነ ሥርዓት ሕጋቸው አንቀጽ 319፣ በችሎት ከተሰማው ማስረጃ ሌላ ሰው ወንጀሉን መፈጸሙ ከታየና ከተከሳሾቹ ጋር አብሮ ሊዳኝ የሚችል ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ ራሱ ሰውዬውን ጠርቶ እንዲቀጥልበት ይፈቅዳል። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በተተካው አዲስ ሕግ ቁጥሩ 358 ሆኗል፤ ሐሳቡ ያው ነው። ለምን አስፈለገ? መርማሪ ፖሊስ በፍርሃትም ሆነ በውለታ አንድን ጉልበተኛ ከመዝገቡ ሊያወጣው ይችላል። ያኔ ተበዳዩ የሚተማመንበት የመጨረሻው ሰው ዳኛው ብቻ ነው።

ዳኛው መቼና በምን ያህል ማስረጃ? እዚህ ላይ ረጋ እንበል፤ የጉዳዩ ልብ ይህ ነውና። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 አምስት ዳኞች የተሰየሙበት የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በሃርዲፕ ሲንግ ጉዳይ፣ መለኪያውን አስቀመጠ። ማስረጃው አንድን ሰው መጀመሪያ ለመክሰስ ከሚበቃው የበለጠ መሆን አለበት፤ ጥፋተኛ ለማለት የሚበቃ እንዲሆን ግን አይጠበቅም። ምስክሩ በዋና ጥያቄ፣ ማለትም የጠራው ወገን ሲጠይቀው፣ የተናገረው ሊበቃ ይችላል፤ ተቃራኒው ወገን የሚፈትንበት መስቀለኛ ጥያቄ እስኪያልቅ መጠበቅ ግዴታ አይደለም። በግሌ ይህ ሁለተኛው ነጥብ ያሳስበኛል። በመስቀለኛ ጥያቄ ያልተፈተነ ቃል ሰውን ተከሳሽ አድርጎ ሊያቆም ነው ማለት ነው። ፍርድ ቤቱም ሥልጣኑ አልፎ አልፎ፣ ጠንካራ ማስረጃ ሲገኝ ብቻ የሚሠራበት እንደሆነ አስጠንቅቋል።

ጊዜውንም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ቆርጦለታል፤ ተከሳሾቹ ጥፋተኛ ከተባሉ ቅጣት ከመወሰኑ በፊት፣ በነጻ የሚለቀቁ ከሆነ ደግሞ ይህ ከመነገሩ በፊት ትእዛዙ መሰጠት አለበት።

[ምስል፦ ባዶ የምስክር መቆሚያ]

ሥልጣኑን የሚታመን ያደረገው ግን ሌላ ግዴታ ነው። አዲስ የተጠራው ሰው ጉዳይ ከዜሮ ይጀመራል፤ ምስክሮቹ በእሱ ፊት እንደገና ይሰማሉ። እሱ በሌለበት የተነገረ ቃል በእሱ ላይ እንዲሁ አይቆጠርበትም። መዝገቡ ይጓተታል፣ ምስክሮች ደግመው ይመላለሳሉ፣ ቢሆንም ይህ ባይኖር ሥልጣኑን አልደግፈውም ነበር። ጠርቶ ያስቀረበው ዳኛ ራሱ ፈራጅ ነው፤ ሰውዬው ሙሉ መከላከያ ካላገኘ የተፈረደበት ገና ሳይገባ ነው።

ሕጋችን ሲረቀቅ ከህንድና ከማላያ (ዛሬ የማሌዥያ አካል) ሕጎች ብዙ ወስዷል፤ ይህ ሥልጣን ግን አልገባበትም። የሕግ ማሻሻያ በሚነሣበት መድረክ ሁሉ፣ ምስክር እንደገና የመስማቱን ግዴታ ይዞ፣ ቢነሣ ደስ ይለኛል።

እስከዚያው ልደታ ችሎት ላይ ይህ ቢገጥማችሁ ለዳኛው አቤት ማለት ብቻውን አይበቃም። ምስክሩ የተናገረው በመዝገብ መስፈሩን አረጋግጡ፤ ጉዳዩን ለያዘው ዐቃቤ ሕግ በጽሑፍ አመልክቱ። ክሱ ተሻሽሎ ሰውዬው እንዲካተት መጠየቅ ወይም ለብቻው ክስ ማቅረብ የእሱ ሥራ ነው። ማመልከቻው ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት፣ ቢቻል ምስክሩ በተሰማበት ሳምንት ይግባ።