በሎጂክ በኩል መግባት፦ ሥነ ልሳንንና ፍልስፍናን አብሮ ስለ መማር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ክፍል ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሥነ ልሳንንና ፍልስፍናን አብረው ለመማር ላሰቡ ነው። ከሁለቱ አንዱን ጀምረው ሌላው ለሚያምራቸውም ይሆናል።

"ምን ያገናኛቸዋል?" ተብሎ ሲጠየቅ የተለመደው መልስ "ሁለቱም ስለ ቋንቋ ያስባሉ" የሚል ነው። ውሸት አይደለም፤ ግን የትኛውን ኮርስ መቼ መውሰድ እንዳለባችሁ፣ የትኛውን ብትተዉ እንደማትጎዱ አይነግራችሁም። የእኔ መልስ ጠበብ ይላል። ሁለቱ ከልብ የሚገናኙት ሥነ ፍቺ፣ ማለትም የቃልና የዓረፍተ ነገር ትርጉም ጥናት፣ ላይ ነው፤ ወደዚያ የሚያስገባው ደግሞ ሎጂክ ነው። የኮርስ ምርጫችሁን በዚህ ዙሪያ ካላቀዳችሁት፣ ሁለት ግማሽ ዲግሪ ይዛችሁ ትወጣላችሁ።

ስለዚህ ከሎጂክ እንጀምር። በመጀመሪያው ዓመት፣ ከተቻለም በመጀመሪያው ሴሚስተር፣ አንድ የፎርማል ሎጂክ ኮርስ ውሰዱ። መነሻው ዓረፍተ ነገሮችን በ"እና"፣ በ"ወይም"፣ በ"ከሆነ" ማያያዝና የእውነት ሠንጠረዥ፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሮቹ እውነት ወይም ሐሰት የሚሆኑበትን ሁኔታ ሁሉ በረድፍ የሚዘረዝር ሠንጠረዥ፣ መሥራት ነው። ለሦስት ዓረፍተ ነገር 8 ረድፍ፣ ለአራት 16፣ ለአምስት 32 ያስፈልጋል። ይሄ ቀላል ስለሚመስል ተማሪው ይዘናጋል። ከዚያ መጣኞቹ፣ "ሁሉም" እና "ቢያንስ አንድ"፣ ሲመጡ ነው ክፍሉ ጸጥ የሚለው። "ሁሉም ተማሪ አልፏል" የሚለው "ማንኛውም ነገር፣ ተማሪ ከሆነ፣ አልፏል" ተብሎ ነው መጻፍ ያለበት። ጀማሪው ግን "ማንኛውም ነገር ተማሪ ነው፤ ደግሞም አልፏል" ብሎ ይጽፈዋል። እንደዚያ ከሆነ ወንበሩም ጨረቃዋም ፈተና አልፈዋል ማለት ነው! "አንድ ተማሪ አልፏል" ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ የሚሠራው "እና" ነው። "ከሆነ"ን ካስገባችሁበት፣ አንድም ያለፈ ተማሪ ሳይኖር፣ ወንበሩ ተማሪ ስላልሆነ ብቻ ዓረፍተ ነገሩ እውነት ይሆንላችኋል። ለምን እንደሆነ በወረቀት ሠርታችሁ እስክታዩት ድረስ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ አትለፉ።

ሎጂክ የሚቀድምበት ምክንያት ግልጽ ነው። የሥነ ፍቺ ኮርስ ገና ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስብስብን፣ ፈንክሽንን (አንድ ነገር ሲሰጡት አንድ ውጤት የሚመልስ) እና መጣኝን እንደሚታወቅ ነገር ይዞ ነው የሚነሳው። ሎጂክ ያልወሰደ ተማሪ ሴሚስተሩን ምልክት ሲለምድ ይጨርሰዋል፤ ሐሳቡ ጋ አይደርስም።

ሐሳቡ ምንድን ነው? "ሐና" የሚለው ስም አንድን ግለሰብ ያመለክታል። ሙሉ ዓረፍተ ነገር እውነት ወይም ሐሰት ይሆናል። "ተኛች" የሚለው ግስ ደግሞ ግለሰብ ሲሰጡት እውነት ወይም ሐሰት የሚመልስ ፈንክሽን ነው። "አወቀች" ሁለት ግለሰብ ይፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ተሳቢውን ይወስዳል፣ ቀጥሎ ባለቤቱን። እስከዚህ ያምራል። አሁን "ሐና ሁሉንም ተማሪ ታውቃለች" በሉ። "ሁሉም ተማሪ" የትኛው ግለሰብ ነው? የትኛውም አይደለም። ግሱ የሚጠብቀው ዓይነት ነገር አልመጣለትም፤ ስሌቱ ይቆማል። ከዚህ ለመውጣት አንዱ መንገድ መጣኙን በማይታይ እርምጃ ወደ ዓረፍተ ነገሩ አናት ማውጣት ነው። ሌላው የግሱን ወይም የመጣኙን ዓይነት መቀየር ነው። የመጀመሪያው አገባቡን፣ ማለትም ቃላት ዓረፍተ ነገር የሚሠሩበትን ሥርዓት፣ ያወሳስባል፤ ሁለተኛው ፍቺውን። የትኛው እንደሚሻል መከራከር የአገባብ ተመራማሪውም የፈላስፋውም ሥራ ነው።

ታሪኩን በአጭሩ ልለፈው። ቃልን እንደ ፈንክሽን ማየት የመጣው ከጀርመናዊው የሎጂክ ሰውና ፈላስፋ ከጎትሎብ ፍሬገ ነው። አንድ ቃል የሚያመለክተውን ነገርና ያንን ነገር የሚያቀርብበትን መንገድ የለየበት ድርሰቱ በ1892 ወጣ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሪቻርድ ሞንታግ ደግሞ የሎጂክ ሰው ሆኖ ሳለ የእንግሊዝኛን ፍቺ እንደ ፎርማል ቋንቋ ፍቺ ማስላት እንደሚቻል አሳየ። በ1971 ሲሞት ዋናው ጽሑፉ ገና አልታተመም ነበር፤ የወጣው በ1973 ነው። ሐሳቡን ከአገባብ ጥናት ጋር አጋጥማ ለሥነ ልሳን ሰዎች ያደረሰችው ባርባራ ፓርቲ ናት። "ሊንጉዊስቲክስ ኤንድ ፊሎሶፊ" የተባለው ጆርናል በ1977 ሲጀምር ይህ መስክ ራሱን ችሎ ቆሞ ነበር።

አሁን ጊዜ ወስጄ ወደማየው ምሳሌ ልምጣ፤ አማርኛ ተናጋሪ ለሆነ ተማሪ ከዚህ የተሻለ መግቢያ የለም ብዬ ነው የማምነው። ዴቪድ ካፕላን የተባለ ፈላስፋ "እኔ"፣ "አንተ"፣ "ዛሬ" ስለመሳሰሉ ቃላት አንድ ትልቅ ጽሑፍ አለው፤ ከ1977 ጀምሮ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ በ1989 ታተመ። ካፕላን "እኔ" ሁልጊዜ የሚያመለክተው ዓረፍተ ነገሩን የሚናገረውን ሰው ነው ይላል። ይህን የሚያዛባ፣ "እኔ"ን ከአሁኑ ተናጋሪ ነጥቆ ለሌላ ሰው የሚሰጥ መዋቅር ቢኖር ስሙ "ጭራቅ" ነው አለ። በእንግሊዝኛ ጭራቅ የለም፣ ሊኖርም አይችልም ሲል ደመደመ።

እስቲ ይህን ስሙ። "ዮሐንስ ጀግና ነኝ አለ።" ጀግናው ማን ነው? ዮሐንስ ነዋ። "ነኝ" የመጀመሪያ መደብ ነው፤ ተናጋሪው ግን እኔ ነኝ፣ ዮሐንስ አይደለም። በ2003 የሥነ ልሳን ተመራማሪው ፊሊፕ ሽሌንከር ለጭራቆች ጥብቅና ሲቆም የጠራው ምስክር ይኸው አማርኛ ነበር።

ፈላስፋው ወዲያው "ይሄማ ጥቅስ ነው፤ የዮሐንስን ቃል እንዳለ ነው ያመጣችሁት" ይላል። ጥሩ ተቃውሞ ነው። ሁለቱን ትምህርት አብሮ የተማረ ሰው የሚለየውም እዚህ ላይ በሚያደርገው ነገር ነው፤ ፈተና ይሠራል። "ዮሐንስ ምን ገዛሁ አለ?" በሉ። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሲሰማ "መኪና" ብሎ ይመልሳል። ዮሐንስ "ምን ገዛሁ?" ብሎ መጠየቁን እየነገርኳችሁ አይደለም፤ ዮሐንስ ገዛሁ ያለውን ነገር እየጠየቅኳችሁ ነው። "ምን" የእኔ ጥያቄ ነው፤ "ገዛሁ" ግን የዮሐንስ ነው። ንጹሕ ጥቅስ ቢሆን ኖሮ እኔ ከውጭ ሆኜ የጥያቄ ቃል ልሰካበት አልችልም ነበር። አሁን ደግሞ "አለ"ን አንስታችሁ "እንደ"ን አስገቡ፤ "ዮሐንስ ጀግና እንደሆንኩ ተናገረ።" ጀግናው ተለወጠ። አሁን እኔ ነኝ። ስለዚህ ፍቺውን የሚያዞረው የመጀመሪያው መደብ ራሱ አይደለም፤ የታቀፈበት መዋቅር ነው። ዛዛኪ በተባለው የኢራናዊ ቤተሰብ ቋንቋም ተመሳሳይ ነገር መኖሩን አናንድና ኔቪንስ በ2004 አሳይተዋል፤ እዚያ "እኔ" ከዞረ አብሮት ያለው "አንተ"ም መዞር አለበት።

ልብ በሉ፣ ይህ ካፕላንን አንድ ዓረፍተ ነገር በመጥቀስ መጣል አይደለም። ክርክሩ አሁንም አለ፤ "ጥቅስ" የምንለው ነገር ራሱ ከምናስበው የላላ ሊሆን ይችላል የሚሉ ሰዎች አሉ። በጽሑፋችሁ ውስጥ ለዚያ ወገን ቦታ ስጡ።

ከዚህ የምሄደው ወደ መረጃ ነው፤ የፍልስፍና ተማሪ በብዛት የሚሰናከልበት ቦታ ነውና። ሦስት ዓረፍተ ነገሮችን አስቡ፦ "ልጁ ዳቦ በላች"፣ "ድንጋዩ አዘነ"፣ "ጨረቃ ከምድር ትበልጣለች"። ሦስቱም "ትክክል አይደሉም" ይባላል፤ ግን ምክንያታቸው ለየቅል ነው። የመጀመሪያው አገባቡ ፈርሷል፤ በኮከብ ምልክት (*) ይጻፋል። ሁለተኛው አገባቡ ደህና ነው፣ የሚገጥመው አውድ ነው የጠፋው፤ ተረት ውስጥ ብታስገቡት ይሠራል፤ ምልክቱ መሰላል (#) ነው። ሦስተኛው ምንም አልጎደለውም፤ ሐሰት ነው፣ በቃ። እነዚህን የቀላቀለ የቤት ሥራ ሐሳቡ የቱንም ያህል ቢያምር ነጥብ አያገኝም።

ደግሞ የራሳችሁን ጆሮ ብቻ አትመኑ። አንድን ዓረፍተ ነገር ለሰዓታት ስትደጋግሙት ቆይታችሁ "ይባላል ወይስ አይባልም?" ብትሉ ጆሮው ደንዝዟል፤ ሁሉም ነገር የሚባል ይመስላል። አምስት ስድስት ተናጋሪዎችን ለየብቻ ጠይቁ። "ይህ ትክክል ነው?" አትበሉ፤ እንደዚያ ሲባል ሰው የትምህርት ቤት ሰዋስውን አስታውሶ ይመልሳል። መጀመሪያ አጭር ሁኔታ ንገሯቸው፣ ከዚያ "በዚህ ጊዜ እንዲህ ትላለህ?" በሉ። "ሁሉም ተማሪ አንድ መጽሐፍ አነበበ" የሚለውን ለመፈተን ሁለት ሁኔታ ያስፈልጋል፤ በአንዱ ተማሪዎቹ የተለያየ መጽሐፍ አንብበዋል፣ በሌላው ሁሉም ያንኑ አንዱን። የምትፈትኑት ዓረፍተ ነገር እንዳይታወቅ ከጉዳዩ ጋር የማይገናኙ ጥቂት ሌሎች ዓረፍተ ነገሮች ቀላቅሉበት። መላምታችሁንም አትናገሩ፤ ሰው ደግ ነው፣ የምትፈልጉትን መልስ ይሰጣችኋል።

በሌላ በኩል የሥነ ልሳን ተማሪ የሚወድቅበት ቦታ አለ፤ የፍልስፍና ድርሰት። ርዕሱ "ስም ፍቺ አለው ወይ?" ሆኖ እያለ ፍሬገ እንዲህ አለ፣ ፈላስፋው ራስል እንዲህ አለ፣ ፈላስፋው ክሪፕኪ በ1970 በፕሪንስተን ሌክቸሮቹ እንዲህ አለ እያለ 2,000 ቃል ይሞላል። ይህ ዘገባ ነው። የሚፈለገው በመጀመሪያው አንቀጽ የተነገረ አንድ አቋም፣ አቋሙ የቆመባቸው ሁለት ወይም ሦስት መነሻዎች፣ ካለው ሁሉ የሚከብደው አንድ ተቃውሞ፣ ለሱም መልስ ነው። ሦስት ደካማ ተቃውሞዎችን ደርድሮ መጣል ጥሩ ውጤት አያስገኝም።

አነባበቡም እንደዚሁ ይለያያል። የሥነ ልሳን ጽሑፍ ስታነቡ ከቁጥራቸው ጋር ወደተደረደሩት ምሳሌዎች ሂዱ፣ ትንታኔውን ሸፍናችሁ ምን ሊባልባቸው እንደሚችል ራሳችሁ ገምቱ። ራስል ስለ ማመልከት የጻፈው የ1905 ድርሰት ግን 15 ገጽ ብቻ ሆኖ ሦስት ንባብ ይፈልጋል፤ አንዴ ድምዳሜውን ለማግኘት፣ አንዴ መነሻዎቹን ቁጥር ለመስጠት፣ አንዴ የትኛው መነሻ እንደሚላላ ለመፈለግ። ፈላስፋው ስትሮውሰን በ1950 የነካው አንዱን የላላ ቦታ ነው፤ የሚነገርለት ነገር መኖሩ ዓረፍተ ነገሩ የሚለው ሳይሆን ቀድሞ የሚታሰብ ነው አለ። ዛሬ በሥነ ልሳን ክፍል ያንኑ ነገር በቀላል ፈተና ታዩታላችሁ፤ "ወንድሟ መጣ"፣ "ወንድሟ አልመጣም"፣ "ወንድሟ መጥቷል?"። አዎንታም ሆነ አሉታ ወይም ጥያቄ፣ ወንድም እንዳላት ታስቦ ይታለፋል።

ስለ ድምፅ ትምህርት ብዙ አልልም፤ ከፍልስፍናው ጋር ያለው ግንኙነት ቀጭን ነው። ግን አትዝለሉት። "አለ" ላልቶ ሲነበብ "ተናገረ" ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ "ይገኛል" ነው፤ ጽሕፈታችን ግን አይለያቸውም። ከፊደል ጀርባ ያለውን ነገር ማየት የሚያስተምረው ይህ ኮርስ ነው።

ፕሮግራም ስትመርጡ ስሙን ሳይሆን ሥርዓተ ትምህርቱን ዘርዝራችሁ እዩ። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ማለትም ኤምአይቲ፣ ሁለቱ ትምህርቶች በአንድ ዲፓርትመንት ሥር ናቸው። ኦክስፎርድ ከሥነ ልቡና ጋር አዋህዶ ይሰጣቸዋል። አምስተርዳም ላይ ደግሞ በማስተርስ ደረጃ የሁለት ዓመት የሎጂክ ፕሮግራም አለ። በብዙ ቦታ ግን ሁለት የማይነጋገሩ ዲፓርትመንቶች ናቸው፤ የክፍል ሰዓት ይጋጫል፣ ፈተናና ድርሰት በአንድ ሳምንት ይወድቃሉ። ጠይቁ፤ ሎጂክ ግዴታ ነው? ከመግቢያው በላይ የሆነ የሥነ ፍቺ ኮርስ በየዓመቱ ይሰጣል ወይስ አልፎ አልፎ? የመመረቂያ ጽሑፍ ከሁለቱም ወገን አማካሪ ይፈቀዳል? ሦስተኛው መልስ "አይፈቀድም" ከሆነ እኔ ብሆን አንዱን ዋና፣ ሌላውን ንዑስ አድርጌ እወስዳለሁ።

ጊዜ ስለሚያጥር የሚቀር ነገር ይኖራል። የፖለቲካ ፍልስፍና ወይም አንድ የሥነ ምግባር ኮርስ ቢቀር ያሳዝናል እንጂ አይጎዳም። የመስክ ዘዴ ኮርስ፣ ማለትም ከማታውቁት ቋንቋ ተናጋሪ ጋር ተቀምጦ ከዜሮ መነሳት፣ ከቀረ ግን መረጃ እንዴት እንደሚወለድ ሳታዩ ትመረቃላችሁ። የሕይወት ትርጉምን ፍለጋ ፍልስፍና የገባ፣ ወይም ብዙ ቋንቋ መናገር ፈልጎ ሥነ ልሳን የመረጠ ሰው በዚህ ጥምረት ደስ ላይለው እንደሚችልም ቀድሞ ይወቅ።

ለመመረቂያ ጽሑፍ አንድ መዋቅር ምረጡ፣ አንድ ክርክር ምረጡ። "ቋንቋና አስተሳሰብ" ርዕስ አይደለም። "ዮሐንስ አልከፍልህም አለኝ" ውስጥ "ህ" ሁልጊዜ ወደ እኔ ነው የምትዞረው ወይስ አሁን የሚያዳምጠኝን ሰው ማመልከትም ትችላለች፣ ይህ ርዕስ ነው። ንባብ ሳታበዙ ሃያ የሚያህሉ ምሳሌዎች ሰብስቡ። አንድ ገጽ መረጃ፣ አንድ ገጽ ክርክር አድርጉና ሁለቱንም ገጽ ለሁለቱም አማካሪዎች ላኩ። የሥነ ልሳኑ ሰው ክርክሩን፣ የፍልስፍናው ሰው መረጃውን እንዲያይ ነው፤ ከእያንዳንዳቸው ጠቃሚው አስተያየት የሚመጣው ብዙ ጊዜ በሌላኛው ገጽ ላይ ነው።