ውሃ፣ ጉድጓድና አንድ ዳኛ፦ ሜዳ ላይ ስለማደር

እሷ፦ ሰላም ናችሁ ወይ! ከድሬዳዋ ነን። ዛሬ ጨዋታችን ስለ ድንኳን ነው። ባለፈው ሳምንት ከደንገጎ በላይ፣ ማሽላ ታጭዶ ባዶ የቀረ ማሳ ላይ፣ 25 ሆነን ሁለት ሌሊት አድረን መጣን። ከዚያ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። «ሎጅ ነው?» «ሻወር አለው?» «ስልክ ቻርጅ ይደረጋል?»

እሱ፦ የለም፣ የለም፣ የለም።

እሷ፦ አቦ፣ በደንብ አስረዳቸው እንጂ።

እሱ፦ እሺ። ቦታው ካምፕ የነበረው ለሁለት ቀን ብቻ ነው። አርብ ከሰዓት ማሳ ነበር፣ እሁድ ከሰዓት ተመልሶ ማሳ ሆነ። በመሃል የነበረው ንጹህ ውሃ፣ የተቆፈረ ሽንት ቤት፣ ቆሻሻ የሚጠራቀምበት ጆንያ፣ ከዚያ ደግሞ ለሁሉም ነገር የሚጠየቅ አንድ ሰው ነው። ድንኳኑን፣ ፍራሹን፣ ምግቡን እያንዳንዱ ይዞ ይመጣል። ቡድኑ የሚያዘጋጀው እነዚያን አራት ነገሮች ነው። አራቱ በደንብ ከተያዙ ሌላው ባይኖርም አይቆጨኝም።

እሷ፦ ካልተያዙስ?

እሱ፦ ካልተያዙማ አይቼዋለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ከሌላ ቡድን ጋር ወጥቼ ነበር፤ ስማቸውን አልጠራም። ፀሐይ ልትገባ ስትል ደረስን። ለ40 ሰው የመጣው ውሃ ሁለት ጀሪካን ነው። ሽንት ቤት ማንም አላሰበም። ሰው ባትሪውን ይዞ ያገኘው ቁጥቋጦ ስር ነው የሄደው። ጠዋት የማሳው ባለቤት መጡ፣ ዳር ቆሙ፣ ፌስታሉን አዩ፣ ሶፍቱን አዩ፣ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ተመለሱ። ቢቆጡን ይሻለኝ ነበር። በዓመቱ ሌላ ቡድን ያንኑ ቦታ ሲጠይቅ እምቢ ተባለ። ምንም ያላጠፉ ልጆች ናቸው እኮ። እኛ አቆሽሸን እነሱ ተከለከሉ።

እሷ፦ እኔ ደግሞ ይሄ ነገር በሥርዓት ሲሠራ ያየሁት እንግሊዝ አገር፣ አክስቴ ጋ የሄድኩ ጊዜ ነው። ቤተሰቡ የካምፕ ክለብ አባል ነው። አንድ ገበሬ ሜዳ ላይ ወሰዱኝ። የላሞች ግጦሽ ነው፣ አጥሩ ጥግ አንዲት የውሃ ቧንቧ አለች፣ ከዚያ ቆሻሻ መጣያና የሽንት ቤት ባልዲ መድፊያ። ሻወር የለም፣ መብራት የለም። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ኬሚካል የሚጨመርበት ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤት ይዞ ነው የሚመጣው። ስንደርስ አንድ ሽማግሌ ሰውዬ ወጥተው ተቀበሉን፣ ድንኳን የምንተክልበትን አሳዩን፣ ማታ ሲመሽ ደግሞ ዞር ዞር እያሉ «ደህና ናችሁ?» ይሉናል። ደመወዝተኛ መስለውኝ ነበር። እንደኛው አባል ናቸው፣ በነጻ ነው የሚያገለግሉት።

እሱ፦ ሕጉስ ይፈቅዳል?

እሷ፦ ሕጉ ነው የሚገርመው። እዚያ አገር ማንም ተነስቶ ሜዳውን የካራቫን፣ ማለትም በመኪና የሚጎተት ቤት፣ ማደሪያ ማድረግ አይችልም፣ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ግን እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣው ሕግ፣ እውቅና ያለው ክለብ አባላቱን ሰብስቦ፣ እራሱ እየተቆጣጠረ፣ እስከ 5 ቀን ያለዚያ ፈቃድ ማሳደር ይችላል። በእረፍት ወራት የሚከፈቱት ጊዜያዊ የድንኳን ቦታዎች ደግሞ እስከ 28 ቀን ይቆያሉ። መንግሥት «እናንተ እርስ በርሳችሁ ተጠባበቁ፣ እኔ አልገባም» ያለ ይመስላል። ክለቡ ካላከበረ እውቅናው ይነሳል። አክስቴ አባል የሆነችበት ክለብ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው። መሥራቹ ቶማስ ሂራም ሆልዲንግ ልብስ ሰፊ ነበር።

እሱ፦ ልብስ ሰፊ? መጋላ ውስጥ ሲንጀር ላይ እንደሚሰፉት ዓይነት?

እሷ፦ አዎ። ቀላል ድንኳን እንዴት እንደሚሰፋ የሚያውቅ ሰው ማለት ነው።

እሱ፦ ወላሂ ደስ ይላል። ግን እኔ ስሰማሽ እንግዳ ነገር አልሆነብኝም፤ እድር ነው የምትነግሪኝ። መዋጮ አለው፣ አባል አለው፣ ድንኳን አለው፣ ዳኛ አለው። ሐረር ብትሄጂ አፎቻ ይሉታል። ሰው ሲሞት እኮ የሰፈራችን ልጆች በግማሽ ሰዓት ውስጥ ድንኳን ይተክላሉ፣ አግዳሚው ይመጣል፣ ጀሪካኑ ይሞላል፣ ማን ምን እንደሚይዝ ይታወቃል። ያንን የሚያውቅ ሰው ሜዳ ላይ 25 ሰው ማሳደር ምኑ ያቅተዋል?

እሷ፦ ቁልቢንስ ረሳኸው? ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19። እናቴ በእግሯ ሄዳለች፣ ከድሬ። ሜዳው ሸራና ድንኳን ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ካምፕ የፈረንጅ ነገር ነው የሚለኝን ሰው አልሰማውም።

እሱ፦ ለዚህ ነው የኛን ኃላፊ «ዳኛ» ብለን የሰየምነው። «ካምፕ ማናጀር» ሲባል ሰው እንደ ሆቴል ማዘዝ ይጀምራል። ዳኛ ሲባል ግን እያንዳንዱ የራሱ ግዴታ ትዝ ይለዋል።

እሷ፦ ወደ ውሃው እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው።

እሱ፦ እኛ ለመጠጥና ለማብሰያ በሰው በቀን 5 ሊትር ነው የያዝነው። 25 ሰው፣ ሁለት ቀን፣ 250 ሊትር። በ20 ሊትር ጀሪካን 13 ማለት ነው። 16 ይዘን ሄድን፣ የተረፈው አንድ ተኩል ነው። ያ ደጋ ስለሆነ ነው፤ ድሬ ሜዳ ላይ በዚህ ሙቀት ቢሆን 16ቱም አይበቃም ነበር። ደግሞ አንድ ጀሪካን ሽንት ቤቱ ጋ ከሳሙና ጋር ይቀመጣል። ለእጅ ብቻ። ማንም አያነሳውም።

እሷ፦ ሽንት ቤቱን እኔ ልናገር፣ ምክንያቱም ሴት ልጅ ካምፕ አልሄድም የምትለው በሱ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ከሆነ አንድ ስንዝር የማትሞላ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ከውሃ ቢያንስ 60 ሜትር ርቆ፣ አፈር መልሶ ይሄዳል። 25 ሰው ሲሆን ግን ያ አይሠራም፣ ማሳው በሙሉ ይበላሻል። ስለዚህ ሌላው ድንኳን ሳይተከል በፊት በዶማ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ለሴቶች አንድ፣ ለወንዶች አንድ። በሸራ ይጋረዳል። ጎኑ አፈርና አመድ ይቀመጣል፣ የተጠቀመ ሁሉ አንድ አካፋ ይጨምራል። እሁድ ይደፈናል። የሴቶቹ ጋ በሩ ላይ ባትሪ ሰቅለን ነበር፣ ሌሊት ብቻዋን የምትሄድ እንዳትፈራ። አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር መጥታ ነበር፣ ስንለያይ የነገረችኝ ስለ ተራራው ወይም ስለ ኮከቡ አይደለም። ስለዚያች ባትሪ ነው።

እሱ፦ የቦታ ምርጫ።

እሷ፦ አዎ፣ ይሄን ለድሬ ሰው መንገር የማያስፈልግ ይመስል ነበር። ግን አርብ ዕለት አንድ ልጅ መንገድ ላይ ደረቅ ወንዝ አይቶ «አሸዋው ፍራሽ ነው፣ እዚህ እንትከል» አለ። በጣም ወጣት ነው፣ አልፈርድበትም። እኔ ግን ሰውነቴ ቀዘቀዘ። የከተማችን ወንዝ ደቻቱ እኮ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ሐምሌ 29 ለ30፣ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ላይ ጎርፉ ሰው በተኛበት መጣ። ዝናቡ የዘነበው ላይ፣ ደጋው ላይ ነው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ልጅ ነበርኩ፣ ድምፁን እስካሁን አልረሳሁትም። ላይ የዘነበ ዝናብ ታች ለተኛው አይነግርም። ስለዚህ የወንዝ አሸዋ ላይ ድንኳን አይተከልም። በበጋም። ለአንድ ሌሊትም።

እሱ፦ ልጁ ገባው ግን።

እሷ፦ ገባው። ከፍ ያለውን ቦታ የመረጠው ኋላ እሱ ነው።

እሱ፦ እኔ የምፈራው ሌላው ነገር ከሰል ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደጋው ላይ ስትወጪ ግን በጥር ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል፣ የኛ ሰው ደግሞ ብርድ አልለመደም። ቅዳሜ ማታ ቡና ተፈልቶ አለቀ፣ ምድጃው ላይ ፍሙ አለ፤ አንዱ «ለሙቀት» ብሎ አንስቶ ወደ ድንኳኑ ይዞት ሊገባ ሲል ዳኛችን በሩጫ ደረሰበት። የከሰሉ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። ደም ኦክስጅን መያዝ ሲገባው እሱን ይይዛል፣ የተኛ ሰው በዚያው ሳይነቃ ይቀራል። ነዶ አመድ የለበሰው ፍም ራሱ ጋዙን ይለቃል። ብርድ ልብስ ደርቡ፣ ጋቢ ያዙ፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተኙ። ምድጃ ድንኳን ውስጥ አይገባም!

እሷ፦ ርቀቱንም ንገራቸው።

እሱ፦ እንግሊዞቹ ፊት ለፊት በሚተያዩ ማደሪያዎች መሃል 6 ሜትር ይተዋሉ። ለእሳት ነው። የናይለን ድንኳን ሲቃጠል አይጠብቅሽም፣ ነፋስ ካለ ወደ ጎረቤት ይዘላል። እኛም በእርምጃ ለክተን 6 አደረግነው። መጀመሪያ ላይ ሰው ተቃውሞ ነበር፣ «ተቀራርበን እንጫወት» እያለ። ጨዋታው መሃል ላይ ነበር፣ እሳቱ ጋ፤ እንቅልፉ ራቅ ብሎ። ማታ የሚያንኮራፋ ሰው ካለም የሚጠቅም ርቀት ነው፣ ይሄ ከልቤ ነው።

እሷ፦ ጅቡስ? የሐረር እንግዶቻችን እኮ አንድም ሰው አልፈራም።

እሱ፦ ሐረር ሰው ማታ ማታ ከግንቡ ውጪ በእጁ የሚያበላው እንስሳ ነው፣ ምን ያስፈራቸዋል። ግን እነሱ ራሳቸው ናቸው ሁላችንንም የተቆጣጠሩን። ሥጋ፣ ዳቦ፣ ያመጣነው ጣፋጭ፣ ሙሸበኩ ሳይቀር ማታ ሚኒባስ ውስጥ ይቆለፍ አሉ። ጫማም ጭምር። ጅብ ቆዳ አይምርም፣ በር ላይ የተወሽውን ቡትስ ይዞት ይሄዳል። ሌሊት ድምፁን ሰማን፣ ሩቅ ነበር። ጠዋት ጫማው ሁሉ በቦታው ነበር።

እሷ፦ ባቢሌን የሚጠይቁንም አሉ። ዝሆኖቹ ያሉበት ጥብቅ ሥፍራ ነው፣ እዚያ እንደ ማሳ ገብተሽ አትተክዪም። ያለ ጠባቂ አይኬድም። በዚህ ይለፈን።

እሱ፦ እስኪ የባለ ማሳውን ነገር ንገሪያቸው።

እሷ፦ ከሦስት ሳምንት በፊት ሄደን ባለ ማሳውን፣ ኦቦን፣ አነጋገርን። ለቀበሌውም አሳወቅን። ስንት ሰው፣ ስንት ሌሊት፣ እሳት የት፣ ጉድጓድ የት፣ ሁሉንም ነገርናቸው። ገንዘቡን አስቀድመን ሰጠን። እሳቸው ግን ስለ ገንዘቡ ብዙም አላወሩም፣ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «በሬዬ የሚረግጠው ብረት እንዳትተዉ።»

እሱ፦ ካስማ ማለታቸው ነው።

እሷ፦ ካስማ። ያን ቀን ነው መቁጠር የጀመርነው። ዳኛው ደብተር ይዞ፣ ይሄ ድንኳን 12 ካስማ፣ ያ ድንኳን 8 እያለ ጻፈ። እሁድ ድንኳኑ ሲነቀል መልሶ ቆጠረ። አንድ ጎደለ። ሚኒባሱ ሞተር አስነስቷል፣ ሾፌሩ መሽቶብኛል ይላል፣ ሁለት ሰው «አንድ ካስማ ናት፣ እንሂድ» አሉ። ዳኛው ደብተሩን ዘግቶ ማሳው ላይ ተንበረከከ፣ ምንም ሳይናገር። እኛም ተሰለፍን፣ ትከሻ ለትከሻ፣ የማሽላውን ጉቶ እያገላበጥን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄድን። የኦቦ ትንሹ ልጅም መሃላችን ገባ።

እሱ፦ እሱ ነው ያገኛት።

እሷ፦ እሱ ነው። አፈር ውስጥ ገብታ ጭንቅላቷ ብቻ ነበር የሚታየው። ሮጦ ለአባቱ ሰጣቸው። ኦቦ በጣታቸው ጫፏን ነካ ነካ አደረጉና ለዳኛው መለሱለት። «የከርሞው ማሽላ ሲነሳ እነግራችኋለሁ» አሉ። ስልክ ቁጥራችንን የጠየቁት ያኔ ነው።