ባትሪ የማያየው ጉሮሮ

የተከበራችሁ የአርሲና የባሌ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች፣ የመድኃኒት ቤት ሠራተኞች፣ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን፣ አባቶችና እናቶች፤ እንደምን አረፈዳችሁ። የካንሰር ቀን «እንኳን አደረሳችሁ» የሚባልበት በዓል አይደለምና በቀጥታ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ። የተሰጠኝ ርዕስ «የካንሰር ምልክቶች በአጠቃላይ» የሚል ነበር። አጠቃላዩን የሚናገር ሰው አይጠፋም። እኔ የመጣሁት ስለ አንድ ቧንቧ ልናገር ነው።

ከኢትዮጵያ ተነስቶ በኬንያና በማላዊ አልፎ እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚዘልቅ፣ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በርክቶ የሚታይበት መስመር አለ። የእኛ ደጋ እዚያ መስመር ላይ ነው። ይህ ለእናንተ ወሬ አይደለም። ከየቀበሌያችሁ ማን ማን «በጉሮሮ በሽታ» እንዳለፈ ታውቃላችሁ፤ ለቅሶ ደርሳችኋል።

አንድ የ50 ዓመት ገበሬ እናስብ። በመስከረም ቆሎ ሲበላ ደረቱ ላይ ይይዘዋል። ውሃ ይጠጣበታል፣ ይወርዳል፣ ይረሳዋል። በኅዳር ጥብሱን ትቶ መረቁን ይፈልጋል፤ እንጀራውም ካልተፈተፈተ አልወርድ ይለዋል። ከማዕድ መጨረሻ የሚነሳው እሱ ሆኗል። ጉርሻ ሲዘረጋለት «ጠግቤያለሁ» ይላል፤ አልጠገበም፣ ጉርሻውን ፈርቶ ነው። ባለቤቱ ሳይነጋገሩበት ወጡን ማቅጠን ጀምራለች። በጥር ገንፎ፣ በመጋቢት አጥሚት፣ ከዚያ በኋላ ውሃም ይመለሳል። ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ «ጾሙ ነው» ይባላል።

ከጠንካራ ወደ ለስላሳ፣ ከለስላሳ ወደ ፈሳሽ። በወራት ውስጥ በዚህ ቅደም ተከተል የሚሄድ የመዋጥ ችግር ሌላ ነገር መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ካንሰር ነው ተብሎ መታየት አለበት። ምክንያቱ ቀላል ነው። የምግብ ቧንቧ ሲውጡበት የሚለጠጥ ጡንቻ ነው፤ ጤነኛው ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ይከፈታል። ጠንካራ ምግብ ሁልጊዜ መያዝ የሚጀምረው ክፍተቱ ወደ 13 ሚሊ ሜትር ሲጠብ ነው። እስከዚያ ድረስ እብጠቱ ሳያምም ያድጋል። ስለዚህ ቆሎ መያዝ የጀመረ ዕለት በሽታው ለጋ አይደለም፤ ቀድሞን ሄዷል። ከዚያ በኋላ የምናባክነው እያንዳንዱ ሳምንት ከእሱ ዕድሜ ላይ የሚቀነስ ነው።

ይህ ሰው ግን ስድስቱን ወር ዝም ብሎ አልተቀመጠም! መጀመሪያ «እንጥልህ ወርዷል» ተብሎ ተቆረጠ፤ ደማ፣ አመረቀዘ፣ ቴታነስ ያልያዘው በዕድሉ ነው። ቀጥሎ መድኃኒት ቤት ሄዶ «ጉሮሮዬን» አለ፤ አሞክሳሲሊን ተሸጠለት። አንድም ጥያቄ አልተጠየቀም። ጤና ጣቢያ ሄደ፤ አፉን ከፈተ፣ ምላሱን ተጭነን በባትሪ አየንና «ቶንሲል ነው» አልነው። በሁለተኛው ጊዜ «ጨጓራ ነው» አልነውና ኦሜፕራዞል ሰጠነው። አለቀበት፣ ደገምንለት፤ አለቀበት፣ ሠለስንለት። ገበሬው ዘገየ እንላለን። ማን ነው ያዘገየው? እሱ አራት በር አንኳኩቷል!

በባትሪ ምን እንደሚታይ እንነጋገር። እንጥል፣ ቶንሲል፣ የጉሮሮ የጀርባ ግድግዳ። በቃ። የምግብ ቧንቧ የሚጀምረው ከፊት ጥርስ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርዶ ነው፤ ጨጓራ የሚደርሰው 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ያን መሐል ያለውን 25 ሳንቲ ሜትር በምድር ላይ ያለ ባትሪ አያየውም። እና «አየሁት፣ ንጹህ ነው» የምንለው የቱን አይተን ነው?

ጣትም ያታልላል። ታማሚው «እዚህ ጋ» ብሎ አንገቱን ሲነካ ችግሩ አንገቱ ላይ ይመስለናል። የታችኛው ቧንቧ ሲዘጋ ስሜቱ ወደ ላይ ወጥቶ አንገት ሥር ሊሰማ ይችላል። ደረቱን የጠቆመ ግን አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው።

ተራው የጉሮሮ ሕመም ጠባዩ ሌላ ነው። ቶንሲል ትኩሳት አለው፤ ምራቅም እንጀራም እኩል ያሳምማል፤ በሳምንት ገደማ ይለቃል። «የሆነ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ተቀምጧል» የሚል፣ ምራቁን ሲውጥ የሚሰማው፣ ሲበላ ግን የሚጠፋለት ሰው በአብዛኛው በጭንቀት ወይም በቃር ነው፤ ክብደቱም አይቀንስም። ከመጀመሪያው ውሃውም እንጀራውም እኩል የሚይዘውና ዓመታት ያስቆጠረ የቧንቧ ጡንቻ ችግር ሊሆን ይችላል፤ እሱም ቢሆን ይላካል። ኤች አይ ቪ ያለበት፣ አፉ ውስጥ ነጭ ነገር የሚታይና ሲውጥ የሚያመው ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ ፍሉኮናዞል ተሰጥቶት በሳምንት ካልተሻለው አትጠብቁ።

ስለዚህ መስኮቱ ላይ «ጉሮሮዬን» የሚል ሰው ሲቆም ጥያቄው ይህ ነው፦ «ያምሃል ወይስ ይይዝሃል?» ይይዘኛል ካለ፦ «የቱ ምግብ? ከመቼ ጀምሮ? ድሮ ትበላው የነበረ፣ አሁን የተውከው ምንድን ነው?» ከዚያ ሚዛን ላይ አውጡት። 60 ኪሎ የነበረ ሰው ሳያስበው 3 ኪሎ ከጎደለበት ቀላል አይደለም። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ሳይጠይቅ አሞክሳሲሊን የሚያቀብል እጅ ሻጭ እንጂ ባለሙያ አይደለም፤ ቅር የሚለው ካለ ቅር ይበለው። ኦሜፕራዞልም እንዲሁ ነው። ቁስሉን ለጊዜው አድርቆ ካንሰሩን ሊሸፍን ይችላል፤ ለሚይዘው ሰው በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ቧንቧው ሳይታይ አይጀመርም።

ከሦስት ሳምንት በላይ የጎረነነ ድምፅ፣ ውሃ ሲጠጡ ትን እያለ የሚያስል ሳል፣ ደም ማስመለስ፣ ጥቁር ሰገራ፤ እነዚህም ይላካሉ፤ ሁለቱ የመጨረሻዎቹ በዚያው ዕለት።

ስትልኩ ወረቀቱ ላይ «የጉሮሮ ሕመም» ብላችሁ አትጻፉ፤ ወረፋ መጨረሻ ላይ ይወድቃል። «ለ3 ወር ጠንካራ ምግብ ይይዘዋል፣ 6 ኪሎ ቀንሷል» በሉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ በኢንዶስኮፒ መታየት አለበት። ከምርመራው በፊት 6 እስከ 8 ሰዓት ባዶ ሆድ፤ ምግብ ለሚይዘው ደግሞ ከዋዜማው ጀምሮ ፈሳሽ ብቻ። ከእብጠቱ 6 ያህል ቁራጭ ናሙና ይወሰዳል። «ብረት ከነካው ይሰራጫል» የሚለው ወሬ ሐሰት ነው፤ ለቤተሰቡ ንገሩ።

ስለ መንስኤው ባጭሩ፦ ትንባሆና አልኮል አሉበት። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እንደሞቀ የሚጠጣ መጠጥ ካንሰር ሳያስከትል እንደማይቀር አስታውቋል። ከእሳት እንደወጣ የሚበላውም ገንፎ ያሳስበኛል።

ሻዩ ቀርቧል፤ እንፋሎቱ ከዚህ ይታየኛል። አምስት ደቂቃ ይቆይ፤ እስከዚያ ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።