ገመዱን ማን ይጎትታል? ስለ ካይዘን፣ ስለ አጃይልና ስለ አንዲት የተሰበረች መርፌ

ሚኪ፦ እሺ፣ ገባን። ዛሬ ስለ ካይዘን፣ ስራን ትንሽ ትንሽ እያሻሻሉ መሄድ ስለሚለው የጃፓኖች አሰራር ነው የምናወራው። ህሊና ርዕሱን ገና ስነግራት ሳቀች። ምኑ ነው ያሳቀሽ?

ህሊና፦ ወለሉ ትዝ ብሎኝ ነው ባክህ። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ስሰራ አንድ ቅዳሜ ቀለም ተገዝቶ መጣና ወለሉን ሁሉ ቢጫ መስመር በመስመር አደረግነው። የቆሻሻ ቅርጫቱ እንኳን የራሱ አራት ማዕዘን ተሰመረለት። ግድግዳው ላይ ደግሞ የስራ ቦታ ማደራጃዎቹ አምስቱ ማዎች። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ከእንቅልፌ ቀስቅሰህ ብትጠይቀኝ እወጣቸዋለሁ። ሰኞ እንግዶች መጡ፣ ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሳን። ለኔ ካይዘን ማለት ለብዙ ጊዜ ያ ቀለም ነበር።

ሚኪ፦ አገር ውስጥ እንዴት እንደገባ ቶሎ ልበልና እንለፈው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው። በ2008 መለስ ዜናዊ ጃፓኖች ቱኒዚያ ውስጥ ስለሰሩት የካይዘን ፕሮጀክት አንብበው ለኛም ይሁን ብለው የጃፓንን የልማት ትብብር ድርጅት፣ ጃይካን ጠየቁ። በ2009 መጨረሻ ወደ 30 በሚሆኑ ድርጅቶች ሙከራው ተጀመረ። በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ።

ህሊና፦ ከሱ በፊት ግን ቢፒአር የሚባለው የመስሪያ ቤቶች የአሰራር ለውጥ ነበር፣ አትርሳ። እናቴ የመንግስት ሰራተኛ ነበረች፣ ቢፒአር ሲባል ወንበሯ የሚነሳ እየመሰላት እንቅልፍ አጥታለች። ቢፒአር ያለውን አፍርሰህ ከዜሮ ጀምር ነው የሚልህ። ካይዘን ደግሞ ያለህን ይዘህ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አሻሽል ነው። ተቃራኒ ናቸው እኮ! ሰራተኛው ግን ሁለቱንም የተቀበላቸው "ደግሞ ምን መጣብን?" ብሎ ነው። የውጤት መለኪያው ቢኤስሲ መጣ፣ የለውጥ ሰራዊት መጣ፣ 1 ለ 5 መጣ። እኛ ጋ የካይዘን ቡድኑን ከ1 ለ 5 ለይቶ የሚያይ ሰው አልነበረም።

ሚኪ፦ የመርፌዋን ታሪክ ንገሪያቸው።

ህሊና፦ እሺ። ልብስ ስፌት ላይ መርፌ ይሰበራል፣ ያለ ነው። ሲሰበር ስብርባሪውን አንድ ሳይቀር ለቅመህ ካላስረከብክ አዲስ አይሰጥህም። ሕጉ ልክ ነው፣ ቁራጩ ሸሚዙ ውስጥ ቀርቶ የገዛውን ሰው ቢወጋስ? ችግሩ ሌላ ነው። መርፌ የተሰበረባት ልጅ ስብርባሪዋን ይዛ ሱፐርቫይዘር ታስፈርማለች። ሱፐርቫይዘሩ ስብሰባ ላይ ነው። ትጠብቃለች። ከዛ ግቢውን አቋርጣ ስቶር ትሄዳለች። ስቶር ኪፐሩ ሻይ ወጥቷል። ትጠብቃለች። አንዳንዴ እስክትመለስ 40 ደቂቃ! የስፌት መስመር ደግሞ ሰንሰለት ነው። ከሷ ቀጥሎ ያለችው የምትሰፋው አጥታ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች፣ ከሷ በፊት ያለችው ደግሞ እየሰፋች ትከምራለች።

ሚኪ፦ ሰባት ዓይነት ብክነት አለ ይላሉ አይደል? መጠበቁ አለ፣ መመላለሱ አለ፣ ክምሩም አለ። ሦስቱ በአንዲት መርፌ።

ህሊና፦ አንድ ቀን አማካሪ መጣ። የኛው አገር ሰው ነው። ጠዋቱን ሙሉ መስመሩ ዳር ቆሞ ዝም ብሎ ሲያይ ዋለ። በኋላ ልጅቷን ጠጋ ብሎ "እህቴ፣ ለአንቺ ቢተውልሽ እንዴት ታደርጊው ነበር?" አላት። ሳታስብ መለሰችለት። መርፌው እዚሁ የመስመሩ መሪ፣ ላይን ሊደሯ ጋ ይቀመጥ፣ ስብርባሪውን ለሷ እንስጥ፣ እሷ ማታ ቆጥራ ለስቶር ታስረክብ። አለቀ። ወጪው አንድ የብስኩት ጣሳ ነው። 40 ደቂቃው ሦስት ደቂቃ ሆነ።

ሚኪ፦ ስንት ጊዜ ሰርታለች ያኔ?

ህሊና፦ አራት ዓመት። አራት ዓመት ሙሉ መልሱን ይዛ ስቶር ትመላለስ ነበር። ለምን አልተናገርሽም ሲላት "ማን ጠየቀኝ?" አለችው።

ሚኪ፦ ዋናው ነገር እሱ ነው። ለኔ ካይዘን ቀለሙ ሳይሆን ጥያቄው ነው። ቶዮታ ራሱ የመጣው ከሽመና እኮ ነው። ሳኪቺ ቶዮዳ የሚባለው ሰውዬ በ1924 ያጠናቀቀው መሸመኛ ማሽን አንድ ክር ሲበጠስ ራሱ ቀጥ ይላል። ካልቆመ ምን ይሆናል? የተበላሸ ጨርቅ ሲሸምን ይውላል። ያንን ሐሳብ በኋላ መኪና መገጣጠሚያ ላይ አመጡት። ከሰራተኛው ራስ በላይ ገመድ አለ፣ አንዶን ይሉታል። ጥፋት ያየ ሰው ይጎትተዋል። ወዲያው የቡድን መሪው ሮጦ ይመጣል፣ ሊረዳው ነው የሚመጣው። መኪናው የተወሰነለት ቦታ እስኪደርስ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል።

ህሊና፦ እኛ ጋ መስመር ያስቆመ ሰው ይጻፍበት ነበር።

ሚኪ፦ የአሜሪካው መኪና ሰሪ ጀነራል ሞተርስም ጋ እንደዛው ነበር። ካሊፎርኒያ ፍሪሞንት የነበረው ፋብሪካቸው ስሙ የጠፋ ነበር። ከስራ የሚቀረው ሰራተኛ ብዛት፣ ከሰራተኛ ማህበሩ ጋር ያለው ጠብ፣ የመኪናው ጥራት፣ ምኑ ቅጡ። በ1982 ዘጉት። በ1984 ከቶዮታ ጋር ሆነው ኑሚ ብለው ከፈቱት፣ የቀጠሩት ደግሞ በአብዛኛው ያንኑ የድሮውን ሰራተኛ ነው። ማህበሩም ያው ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩትን ጃፓን ወስደው አሰለጠኗቸው። ብዙም ሳይቆይ የጃፓኖቹን የሚጠጋ ጥራት ያለው መኪና ማውጣት ጀመሩ። ሰዎቹ ያው ናቸው እኮ! ሰነፍ ሲባሉ የነበሩት ናቸው።

ህሊና፦ አንድ ነገር ዘለልክ። ኑሚ ከሰራተኛ ማህበሩ ጋር ሲዋዋል ሰው ቶሎ አንቀንስም ብሎ ነው የገባው። በ1988 ገበያ ሲቀዘቅዝ እንኳን አላባረሩም፣ ስልጠናና የማሻሻያ ስራ ላይ አሰማሯቸው። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ስራዬን በግማሽ ሰዓት የምጨርስበትን ዘዴ ብነግርህና በነጋታው "እንግዲያው ሁለት ሰው ይበቃል" ብትለኝ፣ ሁለተኛ እነግርሃለሁ?

ሚኪ፦ አትነግሪኝም።

ህሊና፦ የመርፌዋ ነገር ከተስተካከለ በኋላ ምን ሆነ መሰለህ? የሰዓት ታርጌቱ ከፍ አለ። ደሞዝ ባለበት። ልጅቷን ጓደኞቿ ምን እንዳሏት ልንገርህ? "አንቺ ነሽ ያስጨመርሽብን።" ከዛ በኋላ ከዛ መስመር አንድ ሐሳብ አልመጣም። ሰዎች ካይዘን ኢትዮጵያ ውስጥ ያልሰራው ባህላችን ስለማይፈቅድ ነው ሲሉ እናደዳለሁ። ባህል አይደለም፣ ሒሳብ ነው። ሰራተኛው አስልቶ ነው ዝም ያለው።

ሚኪ፦ ግን ይሉኝታ የለበትም ብለሽ ነው? እኛ ሶፍትዌር የምንሰራው ጋ ታርጌት የለም፣ ደሞዛችንም አይከፋም፣ ግን ዝም ነው የምንለው። አጃይል የሚባለውን የሶፍትዌር አሰራር ታውቂያለሽ፣ በ2001 17 የሶፍትዌር ሰዎች ዩታ ውስጥ ስኖውበርድ የሚባል የበረዶ መንሸራተቻ ቦታ ተሰብስበው አጠር ያለ መግለጫ ጻፉ። የመጀመሪያው ሐሳብ ከአሰራርና ከመሳሪያ ይልቅ ሰውና የሰው ለሰው ንግግር ይበልጣል የሚል ነው። እኛ ጋ ምን ተደረገ? መሳሪያው ተገዛ።

ህሊና፦ ሃሃ!

ሚኪ፦ ስታንድአፕ አለ። 15 ደቂቃ መሆን ያለበት የጠዋት ውይይት ነው፣ ቆማችሁ አውሩ የተባለውም እንዳይረዝም ነው። አንድ የሰራሁበት ቤት 50 ደቂቃ ይፈጃል። እኛ እንቆማለን፣ አለቃችን ይቀመጣል። ኤክሴሉን ከፍቶ አንድ በአንድ "አንተስ? ስንት ፐርሰንት ደረሰ?" ይላል። እኛም በየቀኑ አስር አስር ፐርሰንት እንጨምርለታለን። 90 ላይ ስንደርስ እንቆማለን።

ህሊና፦ ሬትሮስ?

ሚኪ፦ ሬትሮ በየሁለት ሳምንቱ ነው፣ ምን ጥሩ ሄደ፣ ምን እናሻሽል የሚባልበት። አለቃው ፊት። ሁሉም "ጥሩ ነበር፣ ተግባብተን ሰርተናል" ይላል። አንዴ አዲስ የተቀጠረ ልጅ "አርብ ማታ ለምንድን ነው አዲስ ነገር የምንለቀው? ቅዳሜ ሲበላሽ ስልክ የሚያነሳ የለም" አለ። ሐሳቡ ወርቅ ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ። አለቃው "ጥሩ ነው፣ ለብቻችን እናወራለን" አለው። ለብቻችን ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በሚቀጥለው ሬትሮ ልጁ ምን አለ?

ህሊና፦ "ጥሩ ነበር።"

ሚኪ፦ "ተግባብተን ሰርተናል።" አርብ ማታ መልቀቁም ቀጠለ።

ህሊና፦ ያ ልጅ ገመድ ጎትቶ ነበር እኮ። ለነገሩ እኛ ጋም የሐሳብ መስጫ ሳጥን ነበረች። ሰማያዊ፣ በሩ አጠገብ፣ ከነቁልፏ። ፋብሪካው ቦታ ሲቀይር ዕቃ ስንጭን ቁልፏ ጠፋ፣ ማን ይያዘው ማን የሚያውቅ የለም። ሰበርናት። ሰባት ወረቀት ወጣ። አንዷ ላይ በእስክሪብቶ "የመርፌው ጉዳይ ቢታሰብበት፣ በጣም እንመላለሳለን" ይላል። ቀኑ አማካሪው ከመምጣቱ ሁለት ዓመት በፊት ነው።

ሚኪ፦ ኧረ በእናትሽ! እና ምን አደረጋችሁ?

ህሊና፦ አዲስ ቁልፍ ገዛንላት።