መንጋው ሳይነሳ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ የክበባችን ልጆች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ነገ ቆጠራ ነው። ስለ ቆጠራው ጥቂት ተናገር ተብዬ ነው የቆምኩት። በጥር የውሃ ወፍ በብዙ አገር ይቆጠራል፤ እኛም የጣናን ድርሻ እንወጣለን። ይህን ታውቁታላችሁ። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ የያዝኩትን ልነግራችሁ ነው የመጣሁት።

ግልገል አባይ ጣና በሚገባበት በዚህ በጭምባ ሜዳ ክሬኖቹ፣ እነዚያ ባለረጅም እግር ግራጫ ወፎች፣ እንዴት እንደሚወርዱ ለእናንተ አይነገርም። በየመንደሩ ስማቸው ስለሚለያይ ዛሬ ክሬን ልበላቸው። ከሩሲያና ከሰሜን አውሮፓ ብርዱን ሸሽተው ይመጣሉ። የእነሱ ክረምት የእኛ በጋ ነው። ሌሊት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፤ ሲነጋ አጨዳ ባለቀበት ማሳ ቃርሚያ ይለቅማሉ።

የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ እንግዳ ከአስጎብኚ ጋር መጣ። የፈለገው አንዲት ወፍ ነው፤ ዴሞይዜል ክሬን። ከክሬን ሁሉ ትንሿ ናት። ብዙዎቹ ህንድ ይወርዳሉ፤ ወደ አፍሪካ ከሚመጡትም አብዛኞቹ ሱዳንና ቻድ አካባቢ ይቀራሉ። እኛ ጋ ከተገኘች አንድ ወይ ሁለት ናት፤ ያውም በሺዎች መሃል።

ከንጋት ጀምሮ ቦዩ ዳር ተቀምጬ በቴሌስኮፕ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ በአንድ አየሁ። ሁሉም አጎንብሰው ሲለቅሙ የሚታየው ግራጫ ጀርባ ብቻ ነው። ቀና እስኪሉ ትጠብቃለህ። አናቷ ላይ ቀይ ካለ የተለመደችው ናት፤ እለፍ። አናቱ ቡናማ ከሆነ የዓመቱ ጫጩት ነው፤ እናትና አባቱ አጠገቡ አሉ፤ እለፍ። እንዲህ እያልኩ ሁለት ሰዓት ሄደ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከዚያ ከጓያው ማሳ ጠርዝ አንዲት አጠር ያለች ቀና አለች። ቀይ የላትም። ጥቁሩ አንገቷ ላይ አላበቃም፤ ደረቷ ድረስ ወርዷል። ከዓይኗ ኋላ ነጭ ላባ እንደ ነጠላ ዘርፍ ተንጠልጥሏል። ልቤ ቀጥ አለ።

እንግዳውን ልጠራ እጄን ሳነሳ፣ አስጎብኚው ትዕግሥቱ አልቆ ለሁለት ልጆች ብር ሰጥቶ ኖሯል። «አስነሷቸው፣ ስትበር ትለያለች» አላቸው። አንዱ ጅራፉን አጮኸ፣ አንዱ በወንጭፉ ድንጋይ ለቀቀ። ሜዳው በሙሉ ተነሳ። ድምፁን ታውቁታላችሁ፤ ደረት ውስጥ ነው የሚገባው። እንግዳው ካሜራውን ወደ ሰማይ እንዳንጋጠጠ ቀረ። ያችን ወፍ አላያትም። እኔም ዳግም አላገኘኋት። መንጋው ከራቀ በኋላ አንድ ቡናማ አናት ያለው ጫጩት ብቻውን ተመልሶ አረፈ። ወዲያ ወዲህ እያለ፣ በቀጭን ድምፅ ወላጆቹን ሲጣራ እስከ ረፋድ ሰማሁት።

ጎበዝ! አንዲት ወፍ ለማየት ሺዎቹን ማባረር ምን ይባላል? በሺህ የሚቆጠር ኪሎሜትር በርረው የመጡ እንግዶች ናቸው። ጎጃም ውስጥ እንግዳ ከማዕድ ላይ ይነሳል? አይነሳም! ልጆቻችንንስ በብር ወንጭፍ የሚያስወረውራቸው ማን ስለሆነ ነው? አራሹ የዘራውን ሽምብራ ሲጠብቅ ቢያባርራቸው አልፈርድበትም፤ የልጆቹ ጉሮሮ ነው። ቃርሚያ ላይ ያለውን መንጋ ለፎቶ ብሎ የሚያስነሳ ሰው ግን ከእኛ ጋር አይቆጥርም። በቃ!

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ስፍራ፣ ማለትም ተፈጥሮው ከነነዋሪው የሚጠበቅበት ቦታ፣ ሆኖ ተመዝግቧል። ስለ እምቦጩና ስለ ደንገሉ ከእኔ በኋላ የሚናገሩ አሉ፤ አልሻማባቸውም።

ነገ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እዚሁ እንገናኝ። ነጭ ጋቢ የለበሰ ጠቆር ያለ ነገር ይደርብ። ከቦዩ ወዲያ ማንም እንዳይሻገር። ያን ቀን ጅራፍና ወንጭፍ የያዙት ሁለቱ ልጆች ዛሬ እዚህ መሃላችን ተቀምጠዋል። ተቆጥቻቸው አላውቅም። ነገ ቴሌስኮፑን መጀመሪያ የሚይዙት እነሱ ናቸው።

አመሰግናለሁ።