ከ127 በኋላስ?

እሺ። እየቀዳ ነው? አዎ፣ ቀዩ በርቷል። ሰላም ነው፣ እኔው ነኝ። ዛሬ የመግቢያ ሙዚቃ የለም። ኤዲት የሚያደርግልኝ ልጅ ነገ ይነጫነጫል፤ ይነጫነጭ።

አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ወንድሜን ታውቁታላችሁ፣ ያ የማያውቀው ነገር የሌለው። ስለ ክብደት አንሺዋ ሂዲሊን ዲያዝ እያወራሁ ነበር። አዎ፣ እንደገና። ሳቁ፣ ግድ የለም። ጣልቃ ገባና "ቶክዮ ኦሎምፒክ ላይ ያገኘችውን ወርቅ ይዛ ብታቆም ምን ነበረበት? ሰው በክብሩ ሳለ ሲያቆም ነው የሚያምርበት" አለኝ። ይህን ብሎ ስልኩን መነካካቱን ቀጠለ። እኔ ደሜ ፈላ። ደግሞ እኮ እንግዳ ነገር አልተናገረም። ብዙ ሰው የሚለው ነው። ታዲያ ምን አንገበገበኝ?

ቆይ፣ ወደዚያች 127 ኪሎ ልመለስ። እስካሁን በቃላችሁ ይዛችኋታል፤ አንዴ ብቻ ታገሱኝ።

ጁላይ 26፣ 2021 ነው። ቶክዮ 2020 ይባል እንጂ ኮሮና አንድ ዓመት ገፍቶታል። የሴቶች 55 ኪሎ ምድብ። ፊሊፒንሳዊቷ ሂዲሊንና ቻይናዊቷ ሊያኦ ቺዩዩን ስናቹን፣ ማለትም ባሩን በአንድ እንቅስቃሴ ከመሬት እስከ ጭንቅላት በላይ የሚያነሱበትን፣ ሁለቱም 97 ላይ ጨርሰዋል። እኩል። ክሊን ኤንድ ጀርኩ ላይ፣ መጀመሪያ ትከሻ ላይ ከዚያ ወደ ላይ የሚያነሱት ማለት ነው፣ ሊያኦ በመጨረሻ ሙከራዋ 126 አነሳች። ድምሯ 223። ሂዲሊን እስከዚያ ያላት 124 ነው፤ ድምሯ 221። አንድ ሙከራ ቀርቷታል።

እዚህ ጋ ያለችውን ሒሳብ እወዳታለሁ። 126 ብታነሳ ድምሩ እኩል ይሆናል። እኩል ሲሆን ደግሞ ቀድሞ የደረሰበት ነው የሚያሸንፈው። ቀድማ የደረሰችው ሊያኦ ናት። ስለዚህ 126 ምንም አይፈይድላትም። የግድ 127። ሊያኦ እኮ በ2019 በክሊን ኤንድ ጀርክ 129 አንስታ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረች ሴት ናት። አሁን ግን ሙከራዋን ጨርሳለች። ማየት ብቻ ነው የቀራት።

ሂዲሊን ትወጣለች። አዳራሹ ተመልካች የለውም። ባሩን ከመሬት ትነጥቀዋለች፣ ከሥሩ ቁጢጥ ትላለች፣ ትከሻዋ ላይ ታሳርፈዋለች። ትነሳለች። ከዚያ ያቺ ትንሽ ቆም ማለት አለች። ባሩ አገጯ ሥር ነው፣ እሷ ትተነፍሳለች። ቪዲዮውን ሁልጊዜ የማቆመው እዚህ ጋ ነው። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ከራሷ ክብደት ከሁለት እጥፍ በላይ ተሸክማ ቆማለች፣ ገና ምንም አልተወሰነም። ከዚያ አንድ እግሯ ወደፊት፣ አንዱ ወደኋላ፣ ባሩ ከጭንቅላቷ በላይ። እግሮቿን ሰበሰበች። ያዘችው። ሦስት ነጭ መብራት፤ ሦስቱም ዳኞች አጽድቀዋል። ከዚያ ለቅሶ። ድምር 224። በአንድ ኪሎ!

ፊሊፒንስ ኦሎምፒክ ላይ መወዳደር የጀመረችው በ1924 ነው። ወርቅ አታውቅም ነበር። ቁጠሩ፣ 97 ዓመት። ስናቿም 97 ኪሎ። ሎተሪ የምትቆርጡ ካላችሁ ይኸውላችሁ ቁጥሩ።

(ሳቅ) እሺ፣ "አንቺስ ስንት ደረስሽ?" እያላችሁ የምትጽፉልኝ፣ መልሱ አልተለወጠም። አሰልጣኜ አሁንም የመለማመጃዋን እንጨት ነው የሚሰጠኝ። ባዶው የሴቶች ባር ራሱ 15 ኪሎ ነው፣ ለማንም ቀልድ አይደለም። እለፉኝ።

የት ነበርኩ? ማቆም። ለወንድሜ መጀመሪያ ልመልስለት ያሰብኩት ለንደንን ነበር። በ2012 ክሊን ኤንድ ጀርኩ ላይ ሦስቱም ሙከራዎቿ ከሸፉ። ድምር የለ፣ ደረጃ የለ። ያኔ "በቃሽ" ያላት ሰው አይጠፋም። ብትሰማ ኖሮ የሪዮው ብርም የለም፣ ቶክዮም የለም። ወረርሽኙ ማሌዥያ ላይ ሲያስቀራትም እንደዚያው ነው። ጂም ሲዘጋ ቀርከሃ ላይ ውሃ የሞላ ጀሪካን አንጠልጥላ እያነሳች ነው የሰነበተችው። ይህን ልደረድርለት ተዘጋጅቼ ነበር።

ግን መልስ አይሆንም። እሱ እኮ ስትወድቂ አቁሚ አላለም። ስታሸንፊ አቁሚ ነው ያለው። ሌላ ነገር ነው።

ከቶክዮ በኋላም በ2022 ቦጎታ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ያንን ማዕረግ ከዚያ በፊት አላገኘችውም። እንግዲህ ይሄ ለኔ ይቆጠራል አይደል? ከዚያ ግን ፓሪስ መጣ። የሴቶቹ የክብደት ምድብ ከሰባት ወደ አምስት ወረደ። የሷ 55 ተሰረዘ። 64ም ተሰረዘ። ያገሯ ልጅ ኤልሪን አንዶ ቶክዮ ላይ የተወዳደረችው ደግሞ በ64 ነው። ስለዚህ አንዷ ወደ ላይ ወጣች፣ አንዷ ወደ ታች ወረደች፣ 59 ላይ ፊት ለፊት ተገናኙ። በአንድ ምድብ ከአንድ አገር አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያልፈው። የመጨረሻው ማጣሪያ ኤፕሪል 2024 ታይላንድ፣ ፑኬት ላይ ነበር። ኤልሪን በለጠቻት። ፓሪስ የሄደችው ኤልሪን ናት።

የሚያናድደኝ ጥፋተኛ አለመኖሩ ነው። ኤልሪን ምን አደረገች? ከባድ ብረት አነሳች፣ በቃ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ልጅቷ ጎበዝ ናት! ግን አለ አይደል... አንዱን ስትወዱ ሌላው ላይ ፊታችሁ ይጠቁራል። ሊያኦን ቶክዮ ላይ ማን አሰባት? እኔ አላሰብኳትም። ሳያት የጀመርኩት ቅርብ ጊዜ ነው።

እና "በክብሩ" የሚለው ነገር፣ ክብሩ የማን ነው? የሷ ነው ወይስ የእኛ፣ ያቺን ቪዲዮ ደጋግመን... አይ፣ ይሄ የፖስተር ጥቅስ መሰለ። ተዉት።

ብቻ የፑኬቱን ውድድር እስካሁን አላየሁትም። ውጤቱን አውቃለሁ፣ ቪዲዮውን ግን አላየሁትም። አንዴ ከፍቼው የሂዲሊን ስም ሲጠራ ዘጋሁት። ለወንድሜ ይህን አልነገርኩትም፤ ብነግረው ምን እንደሚል አውቃለሁ። ምናልባት ከዚህ ቅጂ በኋላ አየዋለሁ። ወይ ነገ። እንዲያውም ሳምንት ስለ ሌላ ነገር ብናወራ... ያ ስለ ሊፍቱ የጀመርኩላችሁ ታሪክ አልነበረም እንዴ? እሱ እንኳን...