የተጫነ ጡንቻ በኮምፒውተር፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከአምስት ኪሎ የደወሉ የምህንድስና ተማሪ፦ «የጡንቻ ሞዴሌ ስጫነው እንደ እንጨት ይገተራል። የፖይሰን ሬሾውን፣ ማለትም ሲጫን ወደ ጎን የሚሰፋበትን ልክ፣ 0.4999 አድርጌዋለሁ። ምኑ ጋ ተሳሳትኩ?»

ስህተቱ ቁጥሩ ላይ ሳይሆን ኤለመንቱ፣ ማለትም ሞዴሉ የተከፋፈለበት ትንሽ ቁራጭ፣ ላይ ነው። ጡንቻ ሦስት አራተኛው ገደማ ውሃ ስለሆነ ሲጫኑት ይጠፈጠፋል እንጂ ይዘቱ እምብዛም አይቀንስም። በየጎኑ 10 ሚሊሜትር የሆነ ኪዩብ ቁመቱ ወደ 7 ቢወርድ፣ ክሮቹም በርዝመታቸው ባይለጠጡ፣ የቀረው ጎን ወደ 14.3 ሚሊሜትር መስፋት አለበት። ባለ 4 ነጥብ ቴትራሄድሮን (አራት ፊት ያለው ኤለመንት) ይዘቱን ጠብቆ እንዲህ ለመለጠጥ አይመቸውም፤ ይቆለፋል። የሚያዩት ግትርነት የጡንቻው ሳይሆን የሜሹ፣ ማለትም የኤለመንቶቹ መረብ፣ ነው። ግፊትን ለብቻው የሚያሰላ ኤለመንት ይምረጡ፤ በነጻ የሚገኘው ፌቢዮ የተባለ ፕሮግራም ላይ ባለ 8 ነጥቡ ብሎክ እንዲህ ይሠራል። ባልክ ሞዱለሱን (ይዘት እንዳይቀንስ የሚቋቋመውን) ከሺር ሞዱለሱ (ቅርጽ እንዳይለወጥ የሚቋቋመው) 1000 እጥፍ ያድርጉት፤ ይህ የፖይሰን ሬሾ 0.4995 ይሰጣል፣ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ከዚያ የኤለመንቱን መጠን በግማሽ አሳንሰው ድጋሚ ያስኪዱ። ውጤቱ ጉልህ ከተለወጠ ሜሹ ገና ነው።

ከፒያሳ፦ «ለሞዴሉ የሚሆነውን ቁጥር ከሉካንዳ በተገዛ ሥጋ መለካት ይቻላል?»

ለመለማመድ፣ አዎ፤ በተለይ ሽንጥ፣ ክሮቹ ቀጥ ብለው ስለሚታዩ። ነገር ግን ሥጋ ከታረደ ከሰዓታት በኋላ ይገተራል፣ ቆይቶ ደግሞ ይላላል፤ ሁለቱም የሕያው ጡንቻ ባሕርይ አይደሉም። በረዶ ቤት የገባ ከሆነ የበረዶው ቅንጣት ሴሎቹን ስለሚያፈነዳ አይለኩት። ኪዩቡን በስለታም ምላጭ ይቁረጡ፤ የደነዘ ቢላ ሥጋውን ይገፋዋል፣ ጎኖቹም ጠማማ ይሆናሉ። በክሩ አቅጣጫ፣ ለክሩ አግድም፣ በ45 ዲግሪም ይለኩ፤ ሦስቱ አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጡም። መጫኛዎቹን ዘይት ይቀቡ፤ ሰበቃ ካለ ኪዩቡ እንደ በርሜል ወገቡ ያብጣል፣ ከእውነቱም በላይ ጠንካራ ይመስላል። በዝግታ ብቻ አይጫኑ፦ በፍጥነት ተጭነው ቁመቱን ሳይለውጡ 300 ሰከንድ ያቆዩት። ኃይሉ መጀመሪያ በፍጥነት፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል። ይህ ኩርባ ከሌለ ሞዴሉ ጊዜን አያውቅም።

ከአራት ኪሎ፣ አባታቸው ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀሙ እናት፦ «ለእኛ ምን ይጠቅመናል?»

ሞዴሎቹ የሚያሳዩት ከፍተኛው መጨፍለቅ ቆዳው ላይ ሳይሆን መቀመጫው አጥንት ሥር፣ ጡንቻው ውስጥ መሆኑን ነው። ስለዚህ ቆዳው ደህና ቢመስልም ብዙ ከመቀመጥ የሚመጣው ቁስል ከውስጥ ሊጀምር ይችላል። አባትዎን ወደ ፊት ሲያዘነብሉ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አይሁን፤ ደሙና ኦክስጅኑ እንዲመለስ ወደ 2 ደቂቃ ያቆዩዋቸው። መቀመጫቸው አካባቢ የማይጠፋ ቅላት ወይም የጠቆረ፣ የጠጠረ ቦታ ካገኙ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ያሳዩ።